«ከስር!» ሳይባል የወረደው አሳንሰር

ጋሽ ኃይለመለኮት የሞቱት በገዛ ጣቃዎቻቸው ስር ነው። ጎጃም በረንዳ ጀርባ ባለው የጨርቅ መጋዘናቸው፣ ከሦስተኛ ፎቅ ዕቃ የሚያወርደው አሳንሰር ከነሙሉ ጭነቱ መጥቶ ተጫናቸው። ኢንስፔክተር ሸዋርካብሽ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም። በር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን ምርመራውን ጨርሶ፣ ፍርዱን ሰጥቶ፣ ይግባኝ ወደ መስማቱ ተሻግሮ ነበር።

«ኮምፒውተሩ ነው የገደላቸው» ይላል አንዱ ተሸካሚ።

«ኮምፒውተር እጅ አለው እንዴ?»

«ልጁ አበጅቶለታላ!»

ልጁ ሁዛይፋ ነው። አሳንሰሩን የሚያዘውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከስልክ ጋር ያገናኘው እሱ ነው። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ሲነካካ አገኙት። ጠዋት ደግሞ ከሟች ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል። ካቴና ለማስገባት ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ፖሊስ ብዙ አይገኝም። አሁን ጣቃ ላይ ተቀምጦ ወደ ጣቢያ የሚወስደውን መኪና ይጠብቃል። በነፍስ ግድያ የገባ ጎረምሳ ሸብቶ ነው የሚወጣው፤ ይህን ሳይነግሩትም ያወቀው ይመስላል።

«በቀላሉ አስረዳኝ» አለችው ሸዋርካብሽ። «እኔ ከስልክ የማውቀው መደወልና ማንሳት ነው።» ውሸቷን ነበር፤ ግን ሰው ለማያውቅ ሲያስረዳ ብዙ ያወጣል።

«ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም አሳንሰሩን ያዛል። የድሮ ነው፤ ከዚያ ኮምፒውተር ውጪ ዓለም ያለም አይመስለው። ስልክ ላይ የሚከፈተው ገጽ ደግሞ ጃቫስክሪፕት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። ስለዚህ መሃላቸው ደላላ አስቀመጥኩ።»

«ደላላ?»

«ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁላት። ገጹ ያለውን ለኮምፒውተሩ፣ ኮምፒውተሩ ያለውን ለገጹ ታደርሳለች። ስልክ ላይ ‹አውርድ› ሲነካ አሳንሰሩ ይወርዳል። አሳንሰሩ ሲወርድ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለው ሥዕል አብሮ ይወርዳል።»

«ደላላዋ ዝም ብትልስ?»

«ገጹ የመጨረሻውን ወሬ እንደያዘ ይቀራል። ‹ተቋርጧል› እንዲል ላደርገው ነበር፤ አልደረስኩበትም።»

«መስጂድ ሆነህ በስልክህ አወረድክባቸው ነው የሚሉህ።»

«ለጁምዓ ስሄድ የኔትዎርኩን ገመድ ነቅዬ ነው እኮ የምሄደው! ማንም ታች ሳያይ እንዳያወርድ። ጠዋት የተጨቃጨቅነውም በዚሁ ነው።»

አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ፈገግ አለ። «ተሰክቶ ነው ያገኘነው፣ ኢንስፔክተር።»

«እኔ ነኝ የሰካሁት። ስመለስ ጩኸት ሰማሁ። የሠራሁት ነገር ሰው ገድሎ እንደሆነ ላይ ብዬ...»

ሎዛ፣ የሟች ልጅ፣ ፊት ለፊት ባለው መሸጫ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን እንደ ጠላት ከእሷ አርቃ አስቀምጣዋለች።

«አጎቴ ደወለልኝ። ‹አሳንሰሩ ወረደ፣ ምንድነው የምታወርዱት?› አለኝ። ገጹን ሳየው ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚለው። ምን ነካው ብዬ ሄድኩ... አባዬ...»

«ከዚያ በኋላስ ገጹን አየሽው?»

«አባዬ እዚያ ወድቆ እያየሁት፣ ስልኬ ሦስተኛ ፎቅ ይል ነበር!»

ፖሊሱ ማስታወሻው ላይ «አልተረጋጋችም» ብሎ ጻፈ።

አጎቷ ጋሽ አበራ የሎዛ እናት ወንድምና የመጋዘኑ አለቃ ናቸው። ስልክ ከመምጣቱ በፊት አሳንሰሩ የሚወጣው የሚወርደው በእሳቸው እጅ ነበር። የማን ዕቃ ይቅደም የሚሉት እሳቸው፣ ነጋዴው የሚለማመጠውም እሳቸውን።

«ሲኒማ ራስ ጋ ሻይ ይዤ ነበር» አሉ። «ስልኬን ከፈት ሳደርግ ሥዕሏ ቁልቁል ስትመጣ አየሁ። በዓይኔ በብረቱ! ወዲያው ለሎዛ ደወልኩ።»

«ስልኩን አይወዱትም ሲሉ ሰማሁ።»

«አልወደውም! ስልክ ሲያወርድ ‹ከስር!› ብሎ ታች ያለውን አያስጠነቅቅም። እኔ ስንት ዘመን ሳወርድ ‹ከስር!› ሳልል ያወረድኩበት ቀን የለም፤ መርካቶ ይመስክር። ዛሬ ‹ከስር!› ሲባል የሰማ አለ?»

ተሸካሚዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተባለም።

«አያችሁ! ማሽኑ ነው።»

ሸዋርካብሽ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ በእጅ የሚለቀቅበት ፍሬን እዚያ ነው። ፎቁ ሁሉ የጨርቅ ብናኝ ለብሷል፤ መስኮቱ፣ ጣቃው፣ የተበላሸው የግድግዳ ሰዓት ሳይቀር። የፍሬኑ እጀታ ግን ለበዓል እንደተወለወለ ያበራል። ከጀርባ በኩል ወደ ጓሮ የሚያወርድ ደረጃ አለ።

ከኮምፒውተሩ ክፍል ትይዩ ሻሽ የሚሸጡት እትዬ አስያ ከበርጩማቸው አልተነሱም።

«እዚያ ክፍል ማን ገባ፣ እትዬ?»

«ማንም። አደራ ጥሎብኝ ሄዶ ዓይኔን እነቅላለሁ?»

«ምን አደራ?»

«ገመዱን ነዋ። ሁሌ ጁምዓ ሲሄድ እንደ ሱቅ ቁልፍ ያስይዘኛል። እስኪመለስ እዚሁ ኪሴ ነበር።»

«ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? ‹ገዳይ አይተሻል?› ነው ያሉኝ። ገዳይ አላየሁም፤ አላየሁም አልኩ።»

ሬሳው ተነስቶ፣ አሳንሰሩ ወደ ላይ ተመልሶ፣ ሸዋርካብሽ ሁሉንም ግርጌው ሰበሰበች። ሁዛይፋ በታሰረ እጁ ገመዱን ነቅሎ ለእትዬ አስያ ሰጠ። እትዬ አስያ ኪሳቸው ከተቱት።

«ሎዛ፣ ጋሽ አበራ፣ ስልካችሁን ያዙ።» ቀና ብላ ሦስተኛ ፎቅ ፍሬኑ ጋ ላቆመችው ፖሊስ ምልክት ሰጠች።

«ከስር!» ብሎ ጮኸ ፖሊሱ፤ ሁሉም ዞር አለ። አሳንሰሩ እያቃሰተ ወርዶ ፊታቸው ቆመ።

«ስልካችሁ ምን ይላል?»

«ሦስተኛ ፎቅ» አለች ሎዛ።

ጋሽ አበራ ስልካቸውን ዘንበል አደረጉት። አጠገባቸው የቆመው ፖሊስ አንገቱን አስግጎ ስልካቸውን አየ። «ይኸም ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

«እንግዲህ» አለች ሸዋርካብሽ። «ኮምፒውተሩ ክፍል ማንም አልገባም። ገመዱ ስለተነቀለ ከስልክም ትእዛዝ አልመጣም፤ ከመስጂድም ሆነ ከዚህ። የቀረው የእጅ ፍሬኑ ነው። ይዞት የነበረው ሰው አሻራውን ሲጠርግ አቧራውንም ጠረገው። ሎዛ የተናገረችው እውነት ነው፤ ወሬ ያልደረሰው ገጽ ሌላ ሊል አይችልም። የእርስዎ ሥዕል እንዴት ወረደች፣ ጋሽ አበራ?»

«ኔትዎርኩ ከቦታ ቦታ ይለያያላ!»

«ገመዱ እትዬ አስያ ኪስ ነበር። ከሳቸው ኪስ ሲኒማ ራስ ድረስ ወሬ የሚያደርስ ኔትዎርክ ገና አልመጣም። አሳንሰሩ መውረዱን ከማንም በፊት ያወቁት ያወረዱት እርስዎ ስለሆኑ ነው። በጀርባ ደረጃ ወጡ፣ በጀርባ ደረጃ ወረዱ።»

«እኔ ሳልጮህ አላወርድም!»

«ዛሬ ቢጮሁ ድምፅዎን መርካቶ ያውቀዋል። ማሽኑ እንዲመስል ዝም ማለት ነበረብዎ።»

ጋሽ አበራ ጣቃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረው ሁዛይፋ ፈቀቅ አለ።

«ባዶ መሬት መስሎኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይውደቅና ይፍሩት፣ ይንቀሉልኝ ብዬ ነው። አንድ ማሽን ላሳጣ ብዬ... ቁልቁል አላየሁም።»

«ልጁስ?» አለች ሸዋርካብሽ ወደ ሁዛይፋ እያየች።

ሎዛ ጠጋ አለች። «አጎቴ፣ አባዬ እኮ አሳንሰሩን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። ጆሮው አንተ ጋ ነበር። ብትጮህ ዞር ይል ነበር።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈ። እትዬ አስያ ገመዱን ለሁዛይፋ ዘረጉለት፤ ተቀብሎ አየው፣ አልሰካውም።

ጋሽ አበራን በጠባቡ መተላለፊያ ሲያወጧቸው ከጎረቤት መጋዘን መስኮት አንድ ጎረምሳ በገመድ ጣቃ እያወረደ «ከስር!» አለ። ፖሊሶቹ ወደ ላይ አንጋጠጡ። ቀድመው ዞር ያሉት ጋሽ አበራ ነበሩ።