ያልተቃጠለ ስም

ጋሽ አያሌው የጓሮ ክፍላቸውን ለስድስት ብስክሌት ሲለቁ መርሳ ውስጥ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። «ሰው የሚከራየው ቤት አጥቶ ይንከራተታል፣ እሳቸው ጎማ ያሳድራሉ!» እየተባለ በየሱቁ ተቀለደባቸው። እሳቸው ግን የከተማው የብስክሌት ቡድን ዕቃ ቤት እያፈሰሰ ብረቱን ዝገት ሲበላው አይተው፣ የልጆቹ ልፋት አሳዝኗቸው ነው የፈቀዱት።

ክፍሉን ሊያደራጅ የመጣው ሲራክ ነበር። ሲራክ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ነው። ቀን የመኪና ጎማ ሲለጥፍ ይውላል፤ ጠዋት ጠዋት ከቡድኑ ጋር እስከ ውርጌሳ ጋልቦ ይመለሳል። የዚያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውንና ጣሪያውን በዓይኑ ሲለካ፣ የጋሽ አያሌው ልጅ ውባለም መጥረጊያ ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«በዚህ መስኮት ፀሐይ ይገባል?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለችው።

ሰላምታ ሳይሰጣት መጠየቁ የገባው ሲራክ እስከ ጆሮው ቀላ። ውባለም ልቧ ለምን እንደዘለለ አልገባትም፤ እንዲህ የሚያፍር ወንድ አይታ ስለማታውቅ ይሆናል።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። እሱ ወጋግራው ላይ ማንጠልጠያ ይመታል፣ እሷ ምስማር ታቀብላለች። ማንጠልጠያዎቹን በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠቀለላቸው፤ ብረት በብረት እንዳይፋቅ ነው። ብስክሌቶቹን በፊት ጎማቸው ሰቀላቸው፣ እርስ በርስ እንዳይነካኩም አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አደረገ። መስኮቱን በጆንያ ጋረደው።

«ጎማን የሚገድለው ፀሐይ ነው። ሰው መንገዱ ይመስለዋል» አላት።

«አንተስ ምንድን ነው የሚገድልህ?»

«እንዲህ ያለ ጥያቄ» አለና ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ስድስት የጣውላ ቁራጭ ይዞ መጣ። የየአንዳንዱ ብስክሌት መቀመጫ በነጂው ቁመት ልክ የታሰረ ስለሆነ፣ ስምና ቁጥር ካልተጻፈበት በየማለዳው ጠብ ነው። የአባቷን ሱቅ ጽሑፍ የምትጽፈው ውባለም ስለሆነች ብሩሹን ለእሷ ሰጣት። የጓደኛውን የጀብሪልንና የሌሎቹን አራት የቡድኑን ልጆች ስም በጥቁር ቀለም ጻፈች። የሲራክን ስትጽፍ ግን እጇ ዘገየ፤ ከጨረሰች በኋላም ዙሪያውን በቀይ ከበበችው።

«የእኔ ለምን ቀይ ገባበት?»

«ቀለም ተርፎኝ ነው።»

«ለአምስቱ ያልተረፈው?»

ጣውላውን ዘረጋችለት። ከእጇ ሲቀበል ጣቱ ጣቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሁለቱም ይህን ያላዩ መስለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ ሲራክ ብስክሌቱን ለመውሰድ ማልዶ፣ ለመመለስ አምሽቶ መምጣት ጀመረ። የብስክሌቱን ካቴና በላምባ ማጽዳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እሱ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ጋሽ አያሌው ከሱቃቸው ሆነው ሲያዩ ሰንብተው አንድ ቀን ልጃቸውን ጠሩና «ይሄ ካቴና መቼም አይጠራም?» አሏት። ጎማ በመለጠፍ ትዳር ይቆማል ብለው አያምኑም ነበር። በኋላ ግን የልጁን ጨዋነትና እናቱን እትዬ አሰለፈችን እንዴት እንደሚጦር አዩ፤ ፊታቸውን ፈቱለት። ለፍልሰታ ፍቺ ሽማግሌ እንዲልክ ተነጋገሩ።

ፍልሰታ ሳይፈታ ጦርነቱ ደረሰ።

ወልዲያ ተያዘች በተባለ ማግስት አስፋልቱ ወደ ደሴ በሚሸሽ ሰው ተሞላ። የቡድኑ ልጆች እየተጣደፉ መጡ፤ ብስክሌቱን ግን የወሰደ አልነበረም። በዚያ ሰሞን በብስክሌት መንገድ ላይ የታየ ወጣት የጠላት መልእክተኛ ነው እየተባለ ይያዝ ነበር። ጀብሪል ሲራክን እጁን ይዞ ለመነው።

«አብረን እንውጣ ሲራክ። ወላሂ፣ እናትህን ተራ በተራ እናዝላታለን።»

«ጉልበቷን ታውቀዋለህ፣ እስከ ውርጌሳም አትደርስም። ሂዱ እናንተ።»

ሲራክና ውባለም ብስክሌቶቹን ፈታትተው ከጓሮ ያለው የጭድ ክምር ሥር ቀበሩ። የቡድኑን ማልያዎች ጆንያ ውስጥ ከተቱ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሲራክ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ጣውላዎች አየ።

«እነዚህን አሁኑኑ አቃጥያቸው። ብስክሌቱን ካገኙት ይውሰዱት፣ ብረት ነው። ስም ግን አንድም እንዳይቀር፣ ውቤ።»

«አቃጥላለሁ።»

«ማይልኝ።»

«አምላኬን! አቃጥላለሁ።»

አምስቱን እሳት ውስጥ ጨመረች። ስድስተኛውን ይዛ እምድጃው ፊት ቆመች። ቀዩ ቀለም እንዳለ ነው። ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ፎቶ እንኳ አብረው አልተነሱም፤ ከእሱ የሆነ ነገር በእጇ ላይ የለም። ከልብስ ሣጥኗ ሥር፣ ከነጠላዋ እጥፋት ውስጥ ሸሸገችው። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ፍርሃት አልተሰማትም፤ ደስ ነው ያላት።

ታጣቂዎቹ መርሳን በያዙ በሁለተኛው ሳምንት ቤቱን ፈተሹ። በመጀመሪያ ጭዱን ገለበጡና ብስክሌቶቹን አገኙ። ቀጥለው አንድ ዓይነት ስድስት ማልያ ወጣ። ጋሽ አያሌው የስፖርት ዕቃ መሆኑን እየማሉ ሲያስረዱ፣ አንዱ ሰውዬ የውባለምን ሣጥን ዘርግፎ ጣውላውን አነሳ።

«ሲራክ፣ ቁጥር አራት» ብሎ አነበበ። «ቁጥር አራት ካለ አንድ፣ ሁለትና ሦስትም አሉ። የት ናቸው?»

ሲራክ የሚባል ሰው ፈልጎ ማግኘት መርሳ ውስጥ ሥራ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከእናቱ ቤት አምጥተው ግቢው መሃል አቆሙት።

ሲራክ መጀመሪያ ያየው በሰውዬው እጅ ያለውን ጣውላ ነው። ቀጥሎ እሷን አየ። ያን አስተያየት ውባለም እስከ ዛሬ ፈትታ አልጨረሰችውም። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ ይሻላት ነበር።

«ብስክሌቶቹ ሁሉ የእኔ ናቸው» አለ ረጋ ብሎ። «አሮጌ እየገዛሁ ጠግኜ እሸጣለሁ። ሌላ ሰው የለም። እኒህ አባትና ልጅ ቦታ አከራዩኝ እንጂ ምኑንም አያውቁም።»

«ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል» ብለው ወሰዱት።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ የታሰሩት አንድ በአንድ ተመለሱ። ሲራክ አልተመለሰም። አንዱ ሲሪንቃ ላይ ጭነት ተሸክሞ እንዳየው ተናገረ። ሌላው ከዚያ በኋላ ታሞ መንገድ ላይ እንደቀረና በዓይኑ ፊት እንዳረፈ ለእናቱ ነገራት። እትዬ አሰለፈች ሬሳ ሳይኖር ድንኳን ጣለች።

ልቅሶው ካለቀ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ አላት። ከተማው ሙሉ ወጣት ሳለ፣ ልጄን በስሙ ጠርተው የወሰዱት ማን ነግሯቸው ነው? ትጠይቅ ትጠይቅና ዓይኗ ጀብሪል ላይ አረፈ። ከሁሉ ቀድሞ የወጣ፣ ከሁሉ በደህና የተመለሰ እሱ ነዋ! ሰላምታውን ነሳችው። እናቱ ሁሪያ ልታስተዛዝን ብትመጣ በሩን ዘጋችባት። በመጨረሻም እሁድ የቀብር ዕድሩ፣ ቅሬው፣ ሲሰበሰብ ተነስታ ልትናገርና ቤተሰቡን ከቅሬ ልታስወጣ ተዘጋጀች። ከቅሬ የወጣ ቤት ቢሞትበት ቀባሪ፣ ቢያዝን አጽናኝ የለውም።

ውባለም ይህን ስትሰማ ቅዳሜ ነበር። ነጠላዋን አንስታ ስትወጣ አባቷ በሩ ላይ ያዟት።

«የት ነው?»

«እትዬ አሰለፈች ዘንድ።»

«ልጄ፣ እሱ እንደሆነ አይመለስ። አንቺ የከተማው አፍ ውስጥ ገብተሽ ምን ልታተርፊ?»

«ጀብሪል ምን አደረገ፣ አባዬ?»

ጋሽ አያሌው ከበሩ ዘወር አሉላት።

እትዬ አሰለፈች በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። ስታያት ፊቷ በራ፤ የልጇ እጮኛ አይደለች? «ነይ ቁጭ በይ፣ የእኔ ዓለም» አለቻት። ውባለም አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ጀብሪል አይደለም። እኔ ነኝ።»

ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። አምስቱን እንዳቃጠለች፣ ስድስተኛውን ከልብሷ ውስጥ እንደሸሸገች፣ ሰውዬው እንዴት እንዳነበበው። የእትዬ አሰለፈች እጅ ምስሩ ላይ ቀጥ አለ።

«ለምን አላቃጠልሽውም?»

«ስሙ ነው። እሳት ውስጥ መጨመር አልሆነልኝም። ልጅዎን እወደው ነበር።»

«እኔስ?» አለች እናቲቱ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «እኔ የወለድኩትን አልወደውም ነበር?»

ውባለም እያለቀሰች ቆመች።

«አወቀ? አንቺ እንደሆንሽ አወቀ?»

«በሰውዬው እጅ አይቶታል።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለኝም። የእኔን ስም ሳይጠራ ሁሉን በራሱ ላይ አደረገው።»

እትዬ አሰለፈች ሰፌዱን አስቀመጠች፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ነጠላዋን አጣፋች። ወደ ሁሪያ ቤት ይቅርታ ልትጠይቅ መሆኑን ውባለም አወቀችና ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ ክንዷን ሰበሰበች።

«ብቻዬን እሄዳለሁ። አንቺ እንደ ሲራክ ሚስት እዚህ ቤት ስትወጪ ስትገቢ ነበር፤ ከዛሬ በኋላ ግን አትምጪብኝ። ልጄ ካልጠላሽ እኔም አልጠላሽም ይሆናል። አሁን አላውቅም። ሲሆንልኝ እኔ እጠራሻለሁ።»

ጀብሪልና እናቱ ከቅሬያቸው አልወጡም። ታጣቂዎቹ የወሰዷቸው ብስክሌቶች አልተገኙም፤ የጓሮው ክፍል ዛሬ የሽንኩርት ማስቀመጫ ነው። ውባለምን ለትዳር የጠየቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አባቷ አንድ ቃል ሳይናገሯት መለሷቸው። የእሷንና የእትዬ አሰለፈችን ቤት የሚለየው አንድ ጠባብ መንገድ ነው፤ አሮጊቷ ጎረቤት ስትጣራ ድምፅዋ እስከ ውባለም ጓዳ ይሰማል። በተሰማ ቁጥር ውባለም የያዘችውን ትታ ታዳምጣለች። ሦስት ዓመት አለፈ፤ የተጠራው ስም አንድ ቀንም የእሷ ሆኖ አያውቅም።