«አልሄድም» ያለው ማን ነው?

እኔ ሰው «ስልኬ ጂን ገባበት» ብሎ ሲያመጣልኝ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የምለውን ስትሰሙ «ሰሚራ ድሮም እንዲህ ያለ ወሬ ትወዳለች» እንዳትሉኝ ነው። ቦንጋ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለችኝ፣ አባቴ ከስልጤ መጥቶ ጨርቅ ይሸጥባት የነበረች ሱቅ ናት፣ እና ዝናብ በማይለየው በዚህ አገራችን ስልክ በራሱ የሚደውለው፣ በራሱ የሚበራው፣ በራሱ የሚጮኸው ምን ሲሆን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ፤ እርጥበት ነው፣ የማይሆን ቻርጀር ነው፣ ወይ የተሰነጠቀ ስክሪን ነው። ጠርጌ አድርቄ እመልሰዋለሁ፣ ጂኑም አብሮ ይደርቃል። እንደዚያ ነበር የማምነው፣ አሁንም እንደዚያ ባምን ደስ ይለኛል።

የቤት ጎረቤቶቼ ጋሽ አድማሱና ባለቤታቸው እትዬ አስካለች ናቸው። ጋሽ አድማሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕዝብ መኪና ሾፌር ነበሩ፣ ከቦንጋ ሺሺንዳ፣ ከሺሺንዳ ሚዛን ሲመላለሱ ኖረው፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ከመናገራቸው በፊት «እህህ» ብለው ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ሰው ነበሩ፣ ያ «እህህ» ከተሰማ የሚቀጥለውን ለመስማት ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ታዲያ አንድ ክረምት ስትሮክ ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው ዛለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ይሰማሉ፣ ሰው ይለያሉ፣ ግን ቃል አይወጣቸውም፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ አዎና አይደለም ተምታቶባቸው መቅረቱ ነው፣ «ራብዎት?» ሲባሉ በአዎንታ ይነቀንቁና ምግቡ ሲቀርብ ይገፉታል፣ «ጠገቡ?» ሲባሉም ይነቀንቁና ሳህኑ ሲነሳ ያለቅሳሉ። ሐኪሙም ለእትዬ አስካለች «ልባቸው እሺ እያለ አንገታቸው እምቢ ሊል ይችላል፣ በአንገታቸው አትፍረዱ» ብሏቸዋል።

ልጃቸው ዮናስ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፣ አብረን ነው ያደግነው፣ አባቱን የሚወድ ልጅ ነው። እሱ ነው ታብሌቱን ገዝቶ የላከው፣ ሥዕል ሲነኩት የሚናገር አፕ ጭኖበት። ድምፁን የቀዳነው እኔና እትዬ አስካለች ነን፣ ስድስት ሥዕል መርጠን፣ «ውሃ ስጡኝ»፣ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ሽንት ቤት ውሰዱኝ»፣ «ደጅ አውጡኝ»፣ ሁሉም በእትዬ አስካለች ድምፅ። ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በካፊኖኖ ነበር፣ ግን እዚሁ አድጌም ቋንቋውን ያልለመድኩት እኔም ሌላውም ጎረቤት ተራ ገብተን ስለምንጠብቃቸው ሁላችንም እንድንረዳው ብለን በአማርኛ አደረግነው።

ችግሩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሥዕሉን ሊነኩ ሲሉ ጠርዙን ይነኩና አፑ ይጠፋል፣ ካሜራ ይከፈታል፣ አንድ ቀንማ ውሃ ሲፈልጉ ቆይተው የታብሌቱን ቋንቋ ወደማናውቀው ቋንቋ ቀይረውት አገኘናቸው፣ ተናደው ወለሉ ላይ ወርውረውታል። ስለዚህ ቆለፍኩት። ታብሌትን ለአንድ አፕ ብቻ መቆለፍ የሚባል ነገር አለ፣ ከቆለፋችሁት በኋላ ምንም ብትነካኩት ከዚያ አፕ አይወጣም፣ የሚያስወጣው የሚስጥር ቁጥሩ ብቻ ነው፣ ቁጥሩን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ኢንተርኔቱን አጠፋሁት፣ አዲስ ድምፅ የሚቀዳበትንም አብሬ ዘጋሁት። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ስድስት ሥዕል፣ ስድስት ድምፅ፣ ሌላ ምንም።

ወላሂ ቤቱ ሰላም አገኘ። ጋሽ አድማሱ በግራ እጃቸው «ደጅ አውጡኝ» ይላሉ፣ በረንዳው ላይ ወንበር ይወጣል፣ መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። እትዬ አስካለች «በገዛ ድምፄ እየታዘዝኩ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ሱቅ መጡ፣ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ።

«ሰሚራ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን እንዳትስቂብኝ።»

«አልስቅም እትዬ።»

«ያ ዕቃ ጉሮሮውን ይጠርጋል።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ውሃ ስጡኝ ከማለቱ በፊት እህህ ይላል። ስንቀዳ እንደዚያ አላልኩም፣ አንቺም ነበርሽ። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ እንደዚያ አልልም፣ እንደሱ ነው የሚለው።»

ሄጄ ሰማሁት። ደጋግሜ ነካሁት፣ «ውሃ ስጡኝ» ይላል፣ ጥርት ያለ የእትዬ አስካለች ድምፅ ነው፣ ከዚያ መሄጃዬ ላይ ለመጨረሻ ስነካው ከቃሉ በፊት አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው ከጎን ክፍል ሆኖ ሊናገር ሲያስብ የሚያሰማው ዓይነት። «ስፒከሩ እርጥበት ገብቶበት ነው» አልኳቸው፣ ወስጄ አደረቅኩት፣ ለጊዜው ተወው። ቀጥሎ ማንም ሳይነካው ይበራል አሉኝ። «ቻርጀሩ ነው፣ መጥፎ ቻርጀር ስክሪኑን ያሳብደዋል» አልኩና ደህና ቻርጀር ሰጠኋቸው። እመኑኝ፣ ይሄ እውነት ነው፣ በሱቄ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እትዬ አስካለች ለቅሶ ሄደው እኔ ጋሽ አድማሱን እየጠበቅኩ ነበር። እሳቸው መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ ታብሌቱ ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ኮመዲኖ ላይ ነው፣ ቻርጀር ላይ አልተሰካም፣ እኔ ስልኬን እያየሁ ነው። «በረደኝ» አለ።

ዞር ስል ስክሪኑ በርቷል። ጋሽ አድማሱን አየኋቸው፣ እሳቸው ታብሌቱን አያዩም፣ የሚያዩት እኔን ነው፣ ነገሩ እስኪገባኝ እንደሚጠብቅ ሰው። ተነስቼ ጋቢያቸውን ሳለብሳቸው ትከሻቸው በረዶ ሆኗል፣ መስኮቱ ገርበብ ብሎ ንፋሱ በቀጥታ እሳቸው ላይ ነበር የሚገባው፣ እኔ አላስተዋልኩም። መስኮቱን ዘጋሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ምን ብዬ እናገራለሁ፣ ደግሞም የሆነ ሆኖ በርዷቸው ነበር።

አሁን ወደዚያ ምሽት ልምጣ። ዮናስ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ መጣ፣ አባቱን ሊወስድ። አዲስ አበባ የዛለ እጅና እግር የሚያለማምዱ ባለሙያዎች አሉ፣ ሚስቱ ምድር ቤት ያለውን ክፍል አዘጋጅታለች፣ እናቱም አብራ ትሂድ፣ ቤቱን እኛ እንጠብቅ፣ ይህን ሁሉ አስቦበት ነው የመጣው። እትዬ አስካለች መሄድ እንዳልፈለጉ ፊታቸው ላይ ይታያል፣ ግን «ለሱ የሚበጀው ከሆነ እኔ ምን አገባኝ» ብለው ዕቃ ማሰናዳት ጀምረዋል። ጠዋት ሊነሱ ነው። እኔን የጠሩኝ ታብሌቱን እንድከፍትላቸው ነው፣ ዮናስ ሌሎች ነገሮች ሊጭንበት ፈልጓል፣ ቁጥሩን ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ።

ስገባ ሊመሽ ሲል ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መብራት ሄዷል፣ ጠረጴዛው ላይ ሻማ አለ። ጋሽ አድማሱ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ እትዬ አስካለች አጠገባቸው ሆነው ደህናዋን ግራ እጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ዮናስ ፊታቸው በርከክ ብሏል።

«አባዬ፣ ነገ እንሄዳለን፣ እሺ? እኔ ጋ ነው የምትሆነው። ትሄዳለህ አይደል?»

ጋሽ አድማሱ በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ከዚያ ደግሞ በአዎንታ።

«እማ፣ ምን እያለ ነው?»

«እኔንጃ ልጄ፣ እኔንጃ።»

ዮናስ ታብሌቱን አቀረበላቸው። እጃቸውን ከእትዬ አስካለች እጅ አላቀቁና ስክሪኑ ላይ እያንቀጠቀጡ አንዣበቡ፣ ከአንዱ ሥዕል ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ፣ መጨረሻ ላይ «ውሃ ስጡኝ» የሚለውን ነኩ። ውሃ ቀረበ። አልጠጡም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የከነከነኝ፣ ስድስቱ ሥዕሎች ሁሉ የመለመኛ ናቸው፣ ስጡኝ፣ ውሰዱኝ፣ አውጡኝ፣ እምቢ የሚል የለበትም። ለካ እምቢ ማለት ቢፈልጉ የሚነኩት ነገር የለም።

«ዮኒ፣ ቆይ ልክፈተውና አንድ ሥዕል ልጨምርበት፣ ከዚያ ጠይቃቸው» አልኩና ታብሌቱን ተቀብዬ ከአልጋው ራቅ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ አስካለች የባላቸውን እጅ መልሰው ይዘዋል። የሚስጥር ቁጥሩን ማስገባት ጀመርኩ፣ ገና አልጨረስኩም።

«እህህ» አለ ታብሌቱ።

ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ዝናቡ እንደዚያ እየወረደ እንኳን ሁላችንም ሰምተናል፣ ምክንያቱም ሁላችንም ዝም አልን፣ ድሮ እንደምናደርገው፣ የሚቀጥለውን ለመስማት።

«አልሄድም።»

ወዳጆቼ፣ የእትዬ አስካለች ድምፅ አልነበረም። ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ በእኛ አገር ዜማ፣ «ሄ»ውን ሳብ አድርገው እንደሚሉት፣ ስትሮኩ ከጣላቸው ጀምሮ ማንም ያልሰማው ድምፅ። እትዬ አስካለች የባላቸውን አፍ ነበር የሚያዩት፣ በኋላ በእግዚአብሔር ስም ምለው ነግረውኛል፣ ከንፈራቸው አልተነቃነቀም። ታብሌቱ ጭኔ ላይ ሲርገበገብ ተሰምቶኛል፣ ድምፁ የወጣው ከእሱ ነው።

ዮናስ ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን መቼ ቀዳችሁት?»

«አልቀዳንም።»

«ሰሚራ፣ የአባቴ ድምፅ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። አልቀዳንም።»

እትዬ አስካለች በካፊኖኖ አንድ ነገር አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለባላቸው፣ ከዚያ ግንባራቸውን በያዙት የባላቸው እጅ ላይ ደፍተው አለቀሱ። ዮናስም የአባቱን ጉልበት አቅፎ «እሺ አባዬ፣ እሺ፣ አትሄድም» እያለ አለቀሰ። ቤቱ ውስጥ ያላለቀስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔ የማየው የጋሽ አድማሱን ፊት ነው። እሳቸው ሚስታቸውንም ልጃቸውንም አያዩም። ዓይናቸው ፈጦ ጭኔ ላይ ያለውን ታብሌት ያያሉ፣ ራሳቸውንም ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ፣ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደግመው ደጋግመው። ዮናስ «አያችሁ፣ አልሄድም እያለ ነው» አለ። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው፣ እኝህ ሰውዬ «እኔ አይደለሁም» እያሉን ቢሆንስ?

አልተናገርኩም። አንገታቸው ደግሞ እንደማይታመን ነግሬያችኋለሁ፣ በአንገታቸው አትፍረዱ ተብለናል። ዮናስ በማግስቱ ብቻውን ሄደ፣ ሲሄድ ሸክም የቀለለለት ሰው ይመስል ነበር፣ የአባቱን ድምፅ ሰምቶ የአባቱን ፈቃድ ፈጽሟል።

ታብሌቱን ሱቅ ወስጄ ከፈትኩት፣ ያልፈተሽኩት ቦታ የለም። ስድስት ድምፅ ነው ያለው፣ ስድስቱም የእትዬ አስካለች። እትዬ አስካለች ግን በየቀኑ ይመጡ ነበር፣ «አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደግመው አድርጊልኝ» ይሉኛል፣ የባላቸው ድምፅ የትም ተቀድቶ አያውቅም፣ ደህና ሳሉ ማን አስቦት። «የለም እትዬ፣ ውስጡ ምንም የለም» ስላቸው ያዝናሉ። ከዚያ አንድ ቀን «ግን ለምን በአማርኛ?» አሉኝ። «ምኑ?» ስላቸው «እሱ እኮ ለኔ ሲናገር በካፊኖኖ ነው። ለልጁም ቤት ውስጥ እንደዚያው ነው። ለማን ብሎ ነው በአማርኛ የተናገረው?» አሉኝ። ያን ምሽት ቤቱ ውስጥ ካፊኖኖ የማይሰማ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለት ሥዕል ጨመርኩላቸው፣ አንዱ «እሺ» አንዱ «አልፈልግም»፣ እንደገናም ቆለፍኩት። ጋሽ አድማሱ እስካሁን አንዱንም አልነኩም። እትዬ አስካለች ደስተኛ ናቸው፣ በቤታቸው ናቸው፣ ባላቸውን በየጠዋቱ በረንዳ ያወጣሉ፣ «አገሩን መረጠ» ይላሉ ለመጣው ሁሉ። ዮናስ ሲደውል «ጥሩ አደረግን አይደል?» ይለኛል፣ «ጥሩ አደረጋችሁ» እለዋለሁ። ምን ልበለው፣ ልክም ሊሆን ይችላል።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አስካለች ወፍጮ ቤት ሄደው እኔና ጋሽ አድማሱ በረንዳው ላይ ነበርን፣ ቀን ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ታብሌቱ ፊታቸው ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ነው። ድንገት ነው ከአፌ የወጣው፣ «ጋሽ አድማሱ፣ ያን ቀን የተናገሩት እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በግራ እጃቸው ታብሌቱን ቀስ ብለው በፊቱ ደፉትና መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ፣ አሳረፉ ስላችሁ ተጫኑት፣ የጣታቸው አንጓ እስኪነጣ። ያ ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጥ እጅ ቀጥ ብሎ ነበር። ከጠርዙ ሥር ብርሃን ወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀጭን መስመር ሠራ፣ አልጠፋም። እጃቸውን አላነሱም፣ እኔም አንሱት አላልኩም።