የቆጡ ምስክር

«ሴትዮዋ ስትመጣ ወደ ታች እንዳትወርጂ። ሰማሽ?» አለ ባባ፣ የቱምፓ አባት፣ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ።

ቱምፓ የሻይ ብርጭቆዋን አፏ አጠገብ እንደያዘች ቀረች። «ለምን?»

«የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነዋ። ፍርድ ቤቱ የላካት ጠበቃ ናት። ሱቁን አይታ፣ ለክታ ትሄዳለች። አለቀ።»

አለቀ ሲል ግን ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። ከመኝታ ክፍሉ የእናቷ ማቃሰት ተሰማ፤ ፀጉሯን ልታበጥር ክንዷን ከፍ ባደረገች ቁጥር እንዲህ ናት። ባለፈው የዝናብ ወቅት ከጣሪያው የተገመሰ ሲሚንቶ ትከሻዋ ላይ ወርዶባት ነበር። ባባ የታችኛውን ቤት ተከራይ ለመክሰስ የቆረጠው ያን ቀን ነው።

በሰሜን ካልካታ፣ በዚያ ጠባብ መንደር፣ እነሱ ፎቁ ላይ ይኖራሉ፤ ምድር ቤቱ የኒባራን ሱቅ ነው። ኒባራን ሃርሞኒየም የሚባለውን ባለወናፍ የሙዚቃ መሣሪያ ይጠግናል፤ የተቀደደ ወናፍ ይሰፋል፣ የታፈነ ድምፅ ያስተነፍሳል። ቱምፓ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «ካካ» ትለዋለች፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ከአያቷ ዘመን ወዲህ ንቅንቅ ያላለው የሱቁ ኪራይ፣ ባባ እንደሚለው፣ እንኳን ለጣሪያ ለአምፖልም አይበቃም። ቤቱን አፍርሶ የሚሠራ ገዢ መጥቷል፤ የሚፈልገው ግን ባዶ ቤት ነው። ስለዚህ ባባ ከሰሰ፤ «ተከራዩ ያለ ፈቃድ ግድግዳ በስቶ ቆጥ ሠርቷል፣ ቤቱን አዳክሟል፣ ይልቀቅ» ብሎ።

ከተሳካ አሳንሰር ያለው አፓርታማ ውስጥ ይገባሉ። ለቱምፓም የራሷ ክፍል ይኖራታል። አሪፍ ነው ብላ ለግድግዳው ቀለም እስከመምረጥ ደርሳ ነበር።

ችግሩ፣ ቆጡን ማን እንደፈቀደ እሷ ታውቃለች።

ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ባባ ሲሊጉሪ በምትባል ሩቅ ከተማ ይሠራ ስለነበር ለበዓል ካልሆነ አይመጣም። ያን ክረምት መንደሩን ጎርፍ ሞላው፤ ሃርሞኒየሞቹ እንደ ዳክዬ ተንሳፈፉ። አያቷ፣ ዳዱ፣ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወረደና፣ «ኒባራን፣ ግድግዳውን ብሳውና ለዕቃህ ቆጥ ሥራ! ቤቱ የእኔ ነው፣ ማን ይከለክልሃል?» አለ። ለኒባራን መዶሻውን ያቀበለችው እሷ ነበረች።

ክሱ ሲጀመር ልትናገር አስባ ነበር። ግን የእናቷን ትከሻ ባየች ቁጥር ትተወዋለች። ጠያቂም አልነበረም። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብላ ራሷን አባበለች።

ጠበቃዋ ጃንጥላና ሜትር ይዛ፣ ፊቷ በላብ ተጠምቆ መጣች። ኒባራን በርጩማውን በጨርቅ ጠርጎ አቀረበላት። ባባ እጆቹን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ። ቱምፓ እንደታዘዘችው ከላይ መቆየት አልቻለችም፤ እስከ ደረጃው አጋማሽ ወረደች። ከዚያ በሱቁ የጓሮ በር በኩል ሁሉም ይታያል።

«ይህን ቆጥ ማን ፈቀደልዎት?» አለች ጠበቃዋ ለክታ ስትጨርስ።

«የቀድሞው ባለቤት ናቸው። የኚህ ሰው አባት።»

«የሞተ ሰው ለምስክርነት መጥራት ቀላል ነው» አለ ባባ።

«በቦታው ሌላ ሰው ነበር?»

ኒባራን ቀና ሲል ዓይኑ ደረጃው ላይ ካለችው ቱምፓ ጋር ገጠመ። መርፌ የያዘው እጁ አየር ላይ ቆመ። ቀጥሎ ባባን አየ። ከዚያ አቀርቅሮ፣

«አይ፣ እመቤቴ። ማንም አልነበረም» አለ።

ቱምፓ ገባት። ሱቁን ሊያጣ ነው፤ እሷን ከአባቷ ላለማጣላት ግን ብቸኛ ምስክሩን ደበቃት።

«እኔ ነበርኩ» አለች። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማት።

«ቱምፓ!»

«ነበርኩ፣ ባባ። መዶሻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ብሳው ያለው ዳዱ ነው።»

«የስድስት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች?» አለ ባባ። ድምፁ ቁጣ ሳይሆን ልመና ነበረው።

«ዳዱ 'አንተ አትችልም፣ ወዲህ በል' ብሎ መዶሻውን ከካካ ቀማው። ከዚያ አውራ ጣቱን መታና 'የጉጉት ጫጩት!' ብሎ ምስማሩን ሰደበው።»

ጠበቃዋ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች። ባባ ግን አልሳቀም። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሟሟ። ምስማር የሚሰድብ ሰው በሕይወቱ አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ያየሁትን እጽፋለሁ፤ የቀረውን ዳኛው ይሰማሉ» ብላ ጠበቃዋ ወጣች። ባባም በቱምፓ አጠገብ አልፎ ደረጃውን ወጣ።

«ምን አደረግሽ፣ እናቴ?» አለ ኒባራን። «አባትሽ እኮ ነው።»

«አንተስ ለምን ዋሸህ?»

«እኔ ሌላ ሱቅ እፈልግ ነበር። አንቺ ሌላ አባት ከየት ታመጫለሽ?» የወናፉን ጨርቅ አሻሸ። «ደግሞ ጣሪያው መጠገን አለበት። እሱ ላይ አባትሽ እውነቱን ነው።»

ቱምፓ ባባን ሰገነቱ ላይ አገኘችው። የተሰጣው ልብስ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን ርግቦች ያያል። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ይቆጣል ብላ ጠበቀች።

«ለምን ለእኔ ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«የእማ ትከሻ…» አለችና እንባ ቀደማት።

ራሷን ወደ ጉልበቱ ሳብ አደረገ። ከታች አንድ የሃርሞኒየም ድምፅ ረዝሞ ተሰማ፤ ኒባራን ወናፍ እየሞከረ ነው።

«ሳቀ እንዴ?» አለ ባባ ድንገት። «ዳዱ። ያን ቀን።»

«በጣም። ውኃው ውስጥ ቁጭ አለ። ሳቁ ሊያቆምለት አልቻለም።»

«እነዚያን ዓመታት እኔ አላየሁትም» አለ ባባ በቀስታ። ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ሐሙስ ችሎት አለ። ጠበቃዬ ልጅቷ ትቅር ነው የሚለው። እኔ ግን ቅሪም ነይም አልልሽም። ከኒባራን ጋር ስለ ጣሪያው ቁጭ ብለን እናወራ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። አላውቅም፣ ልጄ።»

ቱምፓ አሰበች። አንዴ ተናግራ የተገላገለች መስሏት ነበር። አሁን ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዳኛው እያዩዋት፣ የአባቷን ክስ የሚያፈርስ ቃል ልትደግም ነው።

«እመጣለሁ» አለች፣ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። «ግን አብሬህ ነው የምሄደው። ስሜ እስኪጠራም ካንተ ጎን ነው የምቀመጠው።»