ስሙ ያልተነገረው ሥር

«እፎይታ» የተባለችው የአየር መርከብ በባሌ ተራሮች አናት ላይ ተንሳፍፋ ስታልፍ ታማሚዎቹ በመስኮቱ ቁልቁል ደመናውን እያዩ አጥሚታቸውን ፉት ይሉ ነበር። አንድ ሰነፍ ደመና መስኮቱን ሲደፍነው አንዲት ሴትዮ «ኧረ ይህን ነገር ገፋ አድርጉልኝ፣ አገሬን ልይበት» አለች፤ መርከቧም እሺ ብላ ትንሽ ዘወር አለች።

አየር ላይ የምትኖር ሆስፒታል ናት። ግዝፈቷን ያየ ያውቀዋል፤ በአንድ ከተማ ላይ ስታልፍ ዶሮዎች መሸ ብለው ቆጥ ይወጣሉ፣ አልፋ ስትሄድ ደግሞ ነጋ ብለው ይጮኻሉ፤ በዚህ ግርግር በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የጣሉም አሉ። ከከተማ ከተማ እየዞረች የካንሰር ታማሚ ታሳፍራለች፤ መድኃኒቱን ሰጥታ፣ ጎኑን ደግፋ፣ ካሳፈረችበት መልሳ ታወርደዋለች።

ጎን መደገፉ የማንያዘዋል ሥራ ነው። ካንሰሩን የሚዋጋው መድኃኒቱ መሆኑን ማንያዘዋልም ቢሆን አይክድም፤ የቀረውን ሁሉ ግን ለራሱ ያደርገዋል። ታማሚው መድኃኒቱን ችሎ እንዲጨርስ ያሸዋል፣ ትንፋሹን ያስተካክልለታል፣ ሲያቅለሸልሸው ላቦራቶሪው የፈቀደውን የዝንጅብል ውሃ ያጠጣዋል፣ ሲጨንቀው ያጫውተዋል። «እኔ ያሸሁት እግር ባለቤቱን አልጋ ላይ ትቶ ገበያ ደርሶ ይመጣል» ይላል። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ ጣቶቹ ግን ድንጋይ ቢያሹ ድንጋዩን እንቅልፍ ይወስደዋል።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ በእጁ የገባው እግር የጋሽ ድንበሩ ነበር። ጋሽ ድንበሩ ሰው በገዛ እጁ መኪና ይነዳ በነበረበት ዘመን ከመጨረሻዎቹ የከባድ መኪና ሾፌሮች አንዱ ናቸው። ያን ማለዳ ቀዛፊዎቻቸውን ወስደዋል። ቀዛፊ የሚባሉት ለዓይን የማይታዩ የመድኃኒት ተሸካሚዎች ናቸው፤ በደም ውስጥ እየቀዘፉ ዕጢው ዘንድ ይደርሱና ጭነታቸውን ያራግፉበታል። መንገድ ስተው የቀሩትን ጉበት አጣርቶ ያስወግዳቸዋል።

ማንያዘዋል ዳሳሽ ጓንቱን አጥልቋል፤ ከቆዳ በታች ያለውን ሙቀትና የደም ምት ለእጅ የሚያሰማ ስስ ጓንት ነው። ከተረከዛቸው ጀምሮ ወደ ላይ እየሄደ ስለ ራሱ ያወራል።

«…ሚኒስትሩን ካሸሁ በኋላ ሰውየው ስሙ ጠፋበት። ተዝናንቶ። በመታወቂያ ነው ቤቱን ያገኘው።»

«እኔ ደግሞ» አሉ ጋሽ ድንበሩ «ዓባይ በረሃን ያለ ፍሬን ስወርድ ጥሩምባዬን ብነፋው ተራራው ጠርዝ ይዞ አሳለፈኝ።»

ማንያዘዋል ሊስቅ አፉን ሲከፍት እጁ ቀደመው። ጣቶቹ ሥር ያለው እግር ቀዝቅዟል። ደሙ ሁለቴ ይመታል፣ አንዴ ይዘላል። የሰውየውን ፊት ቀና ብሎ ቢያይ ከንፈራቸው የአመድ መልክ ይዟል።

«የአቶ ድንበሩ ጉበት ቀዛፊዎችን ማስወገድ አቁሟል» አለ አስተዋይ ከጣሪያው። አስተዋይ የመርከቧ ሐኪም አእምሮ ነው፤ የሁሉንም ታማሚ ልብ ባንዴ ያዳምጣል። «መድኃኒቱ እየተጠራቀመባቸው ነው። ዶክተር ትርሲት በፍጥነት ትምጣ።»

ዶክተር ትርሲት የመጣችው ሮጣ ነው። አጭር፣ ቁርጥ ያለች፣ ስትቆጣም ድምጿ የማይጨምር ሴት ናት።

«ምንድን ነው?»

«በደማቸው ውስጥ እኔ ያላዘዝኩት ነገር አሻራ አለ» አለ አስተዋይ። «ዕፅ ነው። ጉበታቸው ስለፈጨው ምን እንደነበር መለየት አልቻልኩም። ጉበትን የሚቆልፍ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ጉበትን የሚያቃጥልም ሊሆን ይችላል። ማርከሻ ለሁለቱም አለኝ። ያለቦታው የተሰጠ ግን ይገድላቸዋል።»

«ካልሰጠናቸውስ?»

«ልባቸው ብዙ አይቆይም።»

ዶክተሯ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ጋሽ ድንበሩ፣ ምን ወሰዱ?»

«ምንም።»

«አስተዋይ እኮ አይቶታል።»

«እንግዲህ አስተዋይ ይንገርሽ።»

«ጋሽ ድንበሩ፣ እየሞቱብኝ ነው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «የሚያድነኝን ነገር በአፌ አላበላሽም፣ ልጄ» አሉና ከንፈራቸውን ገጠሙ። ያን ጥርስ በመሰርሰሪያ የሚከፍት አልተፈጠረም።

ትርሲት ማንያዘዋልን ክንዱን ይዛ ወደ መጋረጃው ሳበችው። ማስረዳት አላስፈለጋትም። ዕፁን የሰጣቸው ያገር ባለመድኃኒት አስምሏቸዋል፤ ለሰው ከነገሩት ይረክሳል፣ አይሠራም። ይህን የማያውቅ ያገር ልጅ የለም። ዝምታው ራሱ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው፤ ጋሽ ድንበሩ ዝም የሚሉት ለመዳን ነው።

«አስፈራራሁ፣ ለመንኩ» አለች በሹክሹክታ። «ጋሽ ማንያ፣ ከአንተ ጋር ይጫወታሉ። እባክህ።»

ማንያዘዋል ጓንቱን ሳብ አድርጎ አጠበቀ። በሕይወቱ አንበሳ ታግሏል፣ መብረቅ በጃንጥላ መልሷል፤ ያኔ ግን ያየ ሰው አልነበረም። አሁን ትርሲት ታየዋለች።

ተመልሶ ተቀመጠና እግራቸውን ያዘ።

«ልክ ነዎት፣ እንዳይናገሩ። ደሞ የእርስዎ ምን ሊሆን ነው? መድኃኒት ማለት እኔ የቀመስኳት ናት።»

ጋሽ ድንበሩ ከመስኮቱ አልዞሩም።

«ቅጠል ናት። ወገቤ ተቆርጦ አልጋ ይዤ ሳለሁ አንድ ጊዜ አኘክኋት። በማግስቱ ቤቴን ከነመሠረቱ አንስቼ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞርኩት።»

«ይህ ሊሆን አይችልም» አለ አስተዋይ። «የአንድ ቤት ክብደት…»

«አስተዋይ» አለች ትርሲት ጥርሷን ነክሳ «ዝም በል።»

የሽማግሌው ጢም ተነቃነቀ። «ቅጠል?» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ቅጠል የፍየል ነው። ሰው የሚድነው በሥር ነው።»

ትርሲት ክንዷ ላይ የታሰረውን ሰሌዳ አየች። አስተዋይ ከጠረጠራቸውና እንደ አንበጣ መንጋ ከተከመሩት የዕፅዋት ስሞች ገሚሶቹ ጠፉ። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሥርማ ምን ገዶኝ» አለ ማንያዘዋል። «ወንዝ ዳር የሚበቅል አንድ ሥር አለኝ። አሽትቶት ያለፈ በቅሎ ወለደ።»

«የወንዝ ዳር ሥር ውሃ ነው። ገደል ነው የመድኃኒት አገሩ። ፀሐይ የማያየው የገደል ፊት።»

ከሰሌዳው ላይ ሌላ መዓት ስም ረገፈ። ከጓንቱ ሥር ደሙ አንዴ መታ፣ ዘለለ፣ ቆየ፣ መታ። ማንያዘዋል በራሱ ጀርባ ላብ ሲወርድ ተሰማው፤ ጅረት ነው የወረደው፣ ወፍጮ ያዞራል።

«ያው ነጭ ነው መቼም» አለ ቸኮል ብሎ። «ነጭ፣ ጣፋጭ።»

ቸኮለ። ጋሽ ድንበሩ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱና ትክ ብለው አዩት።

«አንተ ሰውዬ፣ እያወጣጣኸኝ ነው።»

በክፍሉ ውስጥ አጥሚት የሚጠጣው ሁሉ ጽዋውን አወረደ። ማንያዘዋል ውሸት ፈለገ። ዕድሜ ልኩን ጠርቶት ያልቀረው ውሸት የዚያን ቀን ቀረበት።

«አዎ» አለ። «እያወጣጣሁዎት ነው። እጄ ሥር እየበረዱብኝ ነው ጋሽ ድንበሩ፣ ፈርቻለሁ።» ቆም አለ። «ያስማለዎት ስሙን እንዳይናገሩ ነው?»

ከጓንቱ ሥር ደሙ መታ። ቆየ።

«ስሙን ነው» አሉ ሽማግሌው።

«እንግዲያው ስሙ እዚያው ይቀመጥ፤ አልጠይቅዎትም። እኔ መዋሸቴን ልቀጥል፣ እርስዎ ውሸታም ይበሉኝ። ውሸታም ማለት አያረክስም።»

ጋሽ ድንበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትርሲት ያለቁ መስሏት ወደ አልጋው ተንደረደረች።

«ቀጥል» አሉ።

«ነጭ ነው።»

«ውሸታም። እንደ ከሰል የጠቆረ ነው።»

«እንደ ማር ይጣፍጣል።»

«ውሸታም። ምላስ ያደነዝዛል።»

«ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ዱላ።»

«ውሸ…» ትንፋሻቸው አጠረ። «ውሸታም። እንደ ወፍ ጥፍር ተቆልምሟል።»

«ደርቆ ነው የሚበላው።»

ከንፈራቸው ተነቃነቀ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ማንያዘዋል ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ደርቆ ነው አልኩ እኮ። እንዲህ ቀድጄ ዋሽቼ ዝም ይሉኛል?»

«…እርጥቡን» አሉ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ድምፅ። «እርጥቡን ቀጥቅጠህ። ውሸታም።»

በሰሌዳው ላይ አንድ ስም ብቻ ቀረ።

«የሚቆልፈው ነው» አለ አስተዋይ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ያለው ቀጭን ቱቦ ቃሉን ሳይጨርስ ቢጫ ፈሳሽ ማውረድ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ። ማንያዘዋል እግራቸውን አለቀቀም። የሚያሸው ለማዳን እንዳልሆነ ያውቃል፤ ማርከሻው ነው የሚያድነው። ሰውየው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው የያዛቸው። ተራሮቹ ከመርከቧ በታች አልፈው ሜዳው መታየት ሲጀምር ከተረከዛቸው ላይ የሆነች ሙቀት ተነሳች። ትንሽ ናት፤ ማንያዘዋል በኋላ ሲያወራው እጁን አቃጥላዋለች። ደሙ መታ፣ መታ፣ መታ።

ጋሽ ድንበሩ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የተናገሩት «ስሙን አልተናገርኩም» የሚለውን ነው።

«ማን ተናገሩ አለዎት» አለ ማንያዘዋል።

ትርሲት አልተቆጣችም። «ሥሩን ስለናቅኩት አይደለም ጋሽ ድንበሩ» አለች። «ቀዛፊዎቹ በደምዎ ውስጥ እያሉ ጉበትዎን ይዘጋዋል፤ ተጣልተውብዎት ነው። ዝንጅብሉም መታሸቱም ይቀጥላል። ሌላ ነገር ካማረዎት አብረን ላቦራቶሪ እናሳየው። ሥሩ ግን ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆየን።»

ሽማግሌው ከትራሳቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረች ነገር አወጡና ሳያዩአት በእጇ ላይ አስቀመጡ። አዝነዋል፤ ይታይባቸዋል። ትርሲትም ቋጠሮዋን የተቀበለችው በሁለት እጇ ነበር።

«አቶ ድንበሩ» አለ አስተዋይ። «በየማለዳው ከታዘዘልዎ ሌላ የወሰዱት ነገር እንዳለ ጠይቄዎታለሁ። በትሕትና ነው የጠየቅኩት። ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተማ ትጠይቃለህ፣ ትመዘግባለህ። ከአንተ ጋር ምን ጨዋታ አለ?» አሉ። «ይህ ሰውዬ ቀጣፊ ነው። ግን ቀድሞ የራሱን ጉድ ያወጣል፤ አብረህ ትዋረዳለህ፣ አትፈራውም።»

«ገባኝ» አለ አስተዋይ።

ከዚያ ዝም አለ። ቀዛፊዎችን በሚሊዮን እየቆጠረ ከሁሉም ታማሚ ጋር በአንድ አፍታ የሚነጋገር ፍጡር ለረጅም ጊዜ ዝም ማለቱ ማንያዘዋልን ደስ አላሰኘውም። የሚያስብ ይመስል ነበር።

ዶዶላ ላይ መርከቧ ዝቅ ብላ አዲስ ታማሚ አሳፈረች። እማማ ሸጊቱ ይባላሉ፤ ቀጫጫ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ፣ የሚጠየቁትን ሁሉ በ«ደኅና ነኝ፣ ምንም የለኝም» የሚመልሱ ሴት። አልጋ ይዘው እንደተቀመጡ ከጣሪያው የአስተዋይ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። እኔ አምና ጨጓራዬን ታምሜ ነበር።»

ማንያዘዋል የሚያጥፈውን አንሶላ ይዞ ቀረ።

«አንተ? ጨጓራ አለህ እንዴ?» አሉ እማማ ሸጊቱ ወደ ላይ አንጋጠው።

«ነበረኝ። ሰዎች አንዲት ቅጠል አቀመሱኝ፤ ሰማዩን ብቻዬን ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት፤ ጨጓራዬም አብሮ ተጠረገ። ከዶክተሯም ደብቄያት ነበር፣ ኋላ አፈርኩ።»

ሴትየዋ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። «ያንተስ ቀላል ነች» አሉ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው። «የኔን ባየህ…» ጫፉ ላይ የተቋጠረችውን መፍታት ጀመሩ።

ማንያዘዋል በመጀመሪያ የተሰማው ኩራት ነው፤ ሰማይን የሚነዳ አእምሮ የእሱን ጥበብ ሰረቀ፣ ይህን የሰማ አገር ምን ይላል። ቀጥሎ ግን የአንገቱ ጀርባ ቀዘቀዘ። አንደበቱ ያልተደናቀፈበት፣ ድምፁ ያልተለወጠበት፣ ሰውነቱም የማይልበው ውሸታም አይቶ አያውቅም። እሱ ሲዋሽ ሰው ሁሉ ያውቅበታል፤ ለዚህም ነው የሚያምኑት።

ትርሲት መዝጊያው ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ገብታ ቋጠሮውን ተቀበለች፣ እማማን አመሰገነች፣ ለላቦራቶሪው ሰጠች።

«አስተዋይ፣ የልብ ምታቸው እንዴት ነው?»

«መልካም ነው፣ ዶክተር» አለ አስተዋይ፣ ቅድም በዋሸበት በዚያው በለሰለሰ ድምፅ።

ዶክተሯ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የእማማ ሸጊቱን አንጓ በገዛ ጣቶቿ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መቁጠር ጀመረች።