ሁለት ባዶ ሣጥኖች

ጠበቃ እንደምትለው ከሆነ ነገሩ ያለቀለት ነው። ሚትራ የሚባለው የጥንት ሮማውያን አምላክ ከድንግል ተወልዷል፤ አሥራ ሁለት ደቀ መዛሙርት ነበሩት፤ ተከታዮቹም አንድ ላይ ማዕድ ይቆርሱ ነበር። ስለዚህ ክርስትና ከእሱ የተገለበጠ ቅጂ ነው።

እቴቴ እንደሚሉት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ነጭ ውሸት ነው። የጣዖት አምልኮና ክርስትና እንኳን ሊመሳሰሉ በአንድ መንገድ ተላልፈው አያውቁም። ይመሳሰላሉ የሚል ሰው ካለ ወይ አላነበበም፣ ወይ ተንኮለኛ ነው።

ሚጡ በሁለቱ መካከል ቆማ፣ ከማተሚያው ማሽን ቀስ እያለ የሚወጣውን ፖስተር በሁለት እጇ ትቀበላለች። ማተሚያ ቤቱ የአባቷ ነው። እቴቴ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ያስተምራሉ፤ ዛሬም የልጆቹን መዝሙር ሊያስባዙ ነበር የመጡት። ጠበቃ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ስም ያወጣላት የሒሳብ አስተማሪያቸው ነው፤ ተከራክራ ግማሽ ማርክ ካስጨመረችው ወዲህ ሌላ ስም ያላት አይመስልም።

«ይሄን ነው ነገ ትምህርት ቤት የምትሰቅሉት?» እቴቴ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«አዎ እቴቴ፣ ለታሪክ ዐውደ ርእይ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና እውነት ትንሽ ያማል።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ጠዋት ጠዋት ትስይዋለሽ ልበል?»

«ራስዎ ይመልከቱት እስቲ! ግራው ሚትራ፣ ቀኙ ክርስቶስ። ከድንግል፤ ከድንግል። አሥራ ሁለት፤ አሥራ ሁለት። አቦ፣ ይሄ አጋጣሚ ነው?»

እቴቴ ፊታቸውን ወደ ሚጡ አዞሩ። «አንቺስ? ዳዊት ያስደገምኩሽ ልጅ፣ አንቺም ይሄን ታምኛለሽ?»

ሚጡ የፖስተሩን ጫፍ አስተካከለች። «እኔ... እኔ ጽሑፉን ብቻ ነው የደረደርኩት።»

«በይ ነገ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ» አሉና ወጡ። ያስባዙትን መዝሙር እንኳ ጠረጴዛው ላይ ረስተውት ነው የሄዱት።

ሚጡ ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። ጠበቃ ይህን ወሬ ካመጣች ወዲህ ማታ ማታ ጸሎት ትጀምርና መሐል ላይ ትቆማለች። አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ «ይሄስ የማን ነው? ይሄስ ከማን ተወሰደ?» የሚላት ይመስላታል። ከዚያ አንሶላዋን እስከ አፍንጫዋ ትስባለች፤ እንቅልፍ ግን እንቢ ይላታል።

ፖስተሩ እንዳይጠቀለል ጫፉ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ተጭኖበታል። የታሪክ አስተማሪያቸው ለጠበቃ ያዋሳት ነው። ሚጡ ዳር ዳሩን ለመቁረጥ መጽሐፉን ስታነሣ ሥዕል ያለበት ገጽ ተከፈተ። ጎልማሳ መሳይ ልጅ፣ በአንድ እጁ ቢላ በሌላው ችቦ ይዞ፣ ከጭኑ በታች ያለው አካሉ ድንጋይ ውስጥ ነው። ከሥሩ «ሚትራ ከዐለት ሲወለድ» ይላል።

አንዴ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ጠበቃ፣ ከዐለት ነው የሚለው።»

«ምኑ?»

«የተወለደው። ድንግል የሚለውን ከየት አመጣሽው?»

«ከየት አመጣሽው ትለኛለች እንዴ! አንቺ አይደለሽ ያገኘሽው? እኔ በኋላ አነባለሁ ብዬ የእናቱንና የደቀ መዛሙርቱን ሣጥን ባዶ ትቼ ሰጠሁሽ። መልሰሽ ስትልኪልኝ ሞልቷል። የኔ ጎበዝ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብታልኛለች ብዬ...»

ሚጡ ያን ቀን ትዝ አላት።

በአባቷ ማተሚያ ቤት ልማድ አለ። የደንበኛ ጽሑፍ ሳይሟላ ሲቀር፣ ሣጥኑ ምን ያህል ፊደል እንደሚይዝ ለማየት ከጎኑ ያለውን ይገለብጡበታል። ከዚያ ቀይ ያደርጉታል። ቀይ ማለት «ገና ነው» ማለት ነው። የዚያን ቀን የስድስት ቡድን ፖስተር ተደራርቦባት፣ አባቷም ከማሽኑ ሥር «ቶሎ በይ እንጂ የኔ እናት!» እያለ ሲጣደፍ ነበር። ገልብጣለች። ቀይ ግን አላደረገችም፤ መገልበጧንም ረስታው ነበር። እሷ የጠበቃ ንባብ መስሏት ስትጨነቅ፣ ጠበቃ የሷ ንባብ መስሏት ስትከራከርበት ሳምንቱ አለፈ።

«እኔ ነኝ» አለች ሚጡ። «መጠኑን ለማየት ከክርስቶስ ሣጥን ገልብጬ ነው። ስለ አሥራ ሁለት ደቀ መዛሙርትም እዚህ የተጻፈ የለም።»

ጠበቃ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ፊቷ አመድ መሰለ። «አብሮን የሚማረውን ያን ጉረኛ በክፍል ፊት አፉን ያስያዝኩት እኮ በዚህ ነው! ነገ ሲሰማ እድሜ ልኬን መሳቂያው አያደርገኝም?» ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ላሽ በይው፣ እንዳለ ይቆይ፣ ሚጡዬ። ማን መጽሐፍ ይገልጣል?»

ሚጡ ግን ማንበቧን አላቆመችም። ደረቷ ላይ የሰነበተው ድንጋይ ወርዶላት ነበር፤ የተገለበጠው ሮም ውስጥ ሳይሆን እዚሁ ማሽን ላይ ነው። ገጹን ስትገልጥ ግን ስለ ማዕዱ አገኘች። የሚትራ ተከታዮች በእርግጥ አብረው ማዕድ ይቀመጡ ነበር። እንዲያውም በሥርዓታቸው ኅብስትና ውሃ እንደሚያቀርቡ የጻፈው አንድ የጥንት ክርስቲያን ነው። ማን ከማን እንደወሰደ ወይም ሁለቱም በየራሳቸው ይዘውት እንደሆነ በእርግጠኝነት አይታወቅም ይላል መጽሐፉ።

ድንጋዩ ግማሹ ተመልሶ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ለእንግዶች ሳይከፈት፣ ሚጡ መቁረጫና ነጭ ተለጣፊ ወረቀት ይዛ ፖስተሩ ሥር ቆመች። ጠበቃ እጇን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እቴቴ በጓሮ በር ቀድመው ገቡ። ሚጡ ነገሩን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ብዬ አልነበር!» እቴቴ እጃቸውን አጨበጨቡ። «በይ አውርጂው። ሙሉውን አውርጂና ቅደጂው።»

«እኔም ይውረድ ነው የምለው» አለች ጠበቃ። «ወይ ሁሉም ይቆይ፣ ወይ ሁሉም ይቅር። በተለጣጠፈ ፖስተር ፊትማ አልቆምም።»

ሁለቱ ከተዋወቁ ጀምሮ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሚጡ መጽሐፉን ገልጣ ለእቴቴ ሰጠቻቸው። የማዕዱን ገጽ እያዘገሙ አነበቡት። ከዚያ የቦርሳቸውን ማንገቻ ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙ ጀመር።

«እና ማን ከማን ወሰደ ነው የሚለው?»

«አይታወቅም ነው የሚለው፣ እቴቴ።»

«ታዲያ እኔ ይሄን ለነዚያ ሕፃናት ምን ብዬ ልንገራቸው? አይታወቅም ብዬ?»

ሚጡ ዛሬ ማታ ጸሎቷን ትጨርስ እንደሆነ አታውቅም። አንዱን ነጭ ወረቀት «ከድንግል» ላይ፣ ሌላውን «አሥራ ሁለት» ላይ ለጠፈች። ሁለተኛው ትንሽ ጠመመ። ከበሩ ውጪ የጫማ ኮቴና ሳቅ ይሰማል፤ ከሳቁ መሐል የጉረኛውን ለይታዋለች። ዘበኛው ቁልፉን አንቃጨለ።

«ቢያንስ የማዕዱም ላይ ለጥፊበት፣ ልጄ» አሉ እቴቴ በልመና ድምፅ።

ሚጡ ከፖስተሩ ፊት አልተንቀሳቀሰችም።

«ሁለቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በሩ ሲከፈትም የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንቺ አጠገቤ ቁሚ ብቻ፣ ጠበቃ። በማዕዱ ሣጥን ያለው ግን መጽሐፉ ላይ አለ፣ እቴቴ። እሱን አልሸፍነውም።»