ሰባት ብርጭቆ ሻይ

ሴትዮዋ በሠላሳ አንድ ዓመት የትወና ሕይወቷ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞታለች፤ ሁሉንም በካሜራ ፊት። ሃያኛውን ግን ማንም አላየላትም። ከቀትር በኋላ በተዋንያኑ ማረፊያ ክፍል ሶፋ ላይ፣ የገጸ ባሕርይዋን ሻርፕ እንደለበሰች፣ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀምጣ ተገኘች። የተኛች መስሏቸው ሁለት ሰዎች እንዳይቀሰቅሷት በእግር ጣታቸው አልፈዋታል።

«እትዬ አማት» ነበር የሚሏት። በየሐሙሱ በሚታየው ድራማ ምራቷን የምታሠቃይ አማት ሆና ስምንት ዓመት ስለተወነች፣ መንገድ ላይ የሚሰድቧት ነበሩ። ሥጋ ሻጩ እንኳ «ለዚያች ምስኪን ምራትሽ ብዬ ነው» እያለ አጥንት ያበዛባት ነበር። አከራይ ሆናለች፣ የእስር ቤት ጠባቂ ሆናለች፣ ሐሜተኛ ጎረቤት ሆናለች። ስሟ ግን አንድም ቀን ፖስተር ላይ አልወጣም። ፊቷን የማያውቅ የለም፤ ስሟን የጠየቀ ደግሞ የለም። ይኼ ነው እንግዲህ የኛ ጥበብ ወዳድነት!

በማግስቱ ጠዋት የሐኪሙ ውጤት መጣ። ልቧ ጤነኛ የነበረችው ሴት፣ ልብ የሚያቆም መጠን ያለው የልብ መድኃኒት ጠጥታ ነው የሞተችው። መርማሪዋ ስቱዲዮው ስትደርስ ወጣቱ ፖሊስ በር ላይ በኩራት ጠበቃት።

«ገዳይዋን ይዘናል። የሟች የእህት ልጅ ናት፤ የትዕይንት ዕቃ አቅራቢ ሆና እዚሁ ትሠራለች። ለትዕይንቱ ሻይ ያፈላችውም የቀዳችውም እሷ ናት። ማንቆርቆሪያው ውስጥ መድኃኒት ተገኝቷል። ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«በትዕይንቱ አብራት ሻይ የቀረበላት ተዋናይት ብርጭቆስ?»

«እሱ ንጹሕ ነው። አክስቷን ብቻ ለይታ ነው የመረዘቻት።»

«ጎበዝ ነህ» አለችው መርማሪዋ። እሷ እንደዚህ ስትል ሙገሳ አለመሆኑን ገና አልለመደም።

ልጅቷ ካቴና የገባባቸውን እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«ስንት ጊዜ ነው የቀዳሽላት?»

«ሰባት ጊዜ። ሰባት ጊዜ ነው የተቀረጸው። ብርጭቆውን በየመሐሉ እንደገና እሞላዋለሁ፤ ካልሆነ ፊልሙ ላይ ሻዩ አንዴ ሲጎድል አንዴ ሲሞላ ይታያል።»

«እሷ የምር ትጠጣው ነበር?»

«አክስቴ ማስመሰል አትወድም። ‹ብይ› ካሏት ትበላለች፣ ‹ጠጪ› ካሏት ትጠጣለች። የምራቷን፣ የሙሽሪትን ብርጭቆ ግን ከመጀመሪያው በኋላ አልነካሁትም፤ አይጎድልማ።» ቀና አለች። «እሷ ናት ያሳደገችኝ። ይህንንም ሥራ ከሁለት ወር በፊት ለምና ያስገባችኝ እሷ ናት። እንሰርሽ ካላችሁ እሰሩኝ። ግን… ስትሞት እኔ የመረዝኳት መስሏት ይሆን?»

መርማሪዋ የማታውቀውን አትመልስም። ተነሥታ ወጣች።

በድራማው ምራት ሆና የምትተውነው «ሙሽሪት» መስታወት ፊት ነበረች።

«ከአንድ ማንቆርቆሪያ ተቀድቶላችሁ እርስዎ እንዴት ተረፉ?»

«ሊፕስቲኬ ይበላሻላ! ብርጭቆውን ከንፈሬ ጋ አስጠግቼ ነው የምመልሰው። እዚህ ቤት የማያውቅ የለም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያቺ ልጅ ግን ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል።»

«ሟችስ? ሰሞኑን ምን ሆና ነበር?»

«ከፍቷት ነበር። ጋሼ ዳይሬክተሩ ስለ አንዲት አሮጊት የጻፈው አዲስ ፊልም አለ፤ ለእሷ መስሏት ኖሯል፣ ምስኪን። ዋናዋን እኔ ነኝ የምሠራው። በሜካፕ አርጅቼ።»

መርማሪዋ የሠላሳ ዓመቱን ፊት ትኩር ብላ አየችውና ሄደች።

ሠራተኛው ሁሉ «አንዴ» የሚለው ዳይሬክተር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበላት።

«እንደ እህቴ ነበረች። አብረን ነው የጀመርነው።»

«ትናንት ሰባት ጊዜ አስደጋገሟት አሉ።»

«ጥበብ ነው እመቤቴ። ትክክለኛው እስኪገኝ ይደከማል።»

የድምፅ ባለሙያው ዘንድ ስትደርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ዳይሬክተሩን ለምንድን ነው ‹አንዴ› የምትሉት?»

«አንዴ ቀርጾ ስለሚሄድ ነዋ! በትዕይንቱ መሐል ድመት ብታልፍ ‹የቤቱ ድመት ናት፣ ቀጥሉ› የሚል ሰው ነው።» ሣቀና ሣቁ መሐል ላይ ቆመ። «ትናንት ግን… የመጀመሪያው ቀረጻ እንከን አልነበረውም። ሁላችንም ገርሞን ነበር።»

«ማዳመጫህን አውሰኝ» አለችው። ሰባቱንም ቀረጻ፣ በየመሐሉ መቅጃው ሳይጠፋ ተረስቶ የገባውን ድምፅ ጭምር፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳመጠች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በድራማው ሳሎን፣ በዚያው የሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ልጅቷን ከነካቴናዋ አስገቧት። ሙሽሪት ወንበሯን ፈቀቅ አደረገች።

«ከሙሽሪት ብርጭቆ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ከመጀመሪያው ቀረጻ በፊት ተሞላ፤ ከዚያ ማንም አልነካውም። ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሻዩ ሲፈላ ንጹሕ ነበር። መድኃኒቱ የገባው በኋላ ነው።»

«በኋላም ማንቆርቆሪያው ከእሷ እጅ አልወጣም» አለ ወጣቱ ፖሊስ።

«አንድ ጊዜ ወጥቷል። ከሁለተኛው ቀረጻ በኋላ ዳይሬክተሩ ‹ሌላ የጠረጴዛ ልብስ አምጪ› ብለው ላኳት። ድምፃቸው ተቀርጿል። ሮጣ አመጣች። የሰባቱንም ቀረጻ ምስል አየሁ፤ የጠረጴዛው ልብስ ያው ነው። ብርጭቆ እንኳ እንዳይጎድል በሚጠነቀቁበት ቤት፣ በአንድ ትዕይንት መሐል የጠረጴዛ ልብስ ይቀየራል?»

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። «ሐሳቤን ቀየርኩ።»

«እሺ። ሁልጊዜ አንዴ ቀርጸው የሚሄዱ ሰው፣ እንከን የሌለውን ትዕይንት ለምን ሰባት ጊዜ አስደገሙት? አንድ ብርጭቆ ስለማይበቃ ነው። ይህቺ ልጅ ሻይ መቅዳት ትችላለች፤ ‹ድገሙት› ማለት ግን አትችልም። ያን ማለት የሚችለው እዚህ ቤት አንድ ሰው ነው። የልብ ሕመምተኛም አንድ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት የወሰዱት የወር ክኒን ዛሬ ቢሮዎ ሲፈተሽ አንድም ፍሬ አልቀረውም። የወሩን በሳምንት ውጠውት ቢሆን ኖሮ እዚህ ተቀምጠው አያወሩኝም ነበር።»

ፈገግታው ጠፋ።

«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በእርስዎ ፊልም ላይ አንድ ተዋናይ ከሰገነት ወድቆ ሞተ። ገመዱ ማርጀቱን ነግረውዎት ነበር፤ ‹አንዴ ነው፣ ምንም አይልም› ብለው አስዘለሉት። እሷ ሰምታለች። ግን ‹ራሱ አዳልጦት ነው› ብላ ፈረመች። ባለፈው ረቡዕ ቃሏን ልትለውጥ ቢሮአችን ደወለች። ሥራ በዝቶብን ነበር። ሰኞ ነይ አልናት።»

«ራሷ ነበረች የተደራደረችው!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «‹ዋና አደርግሻለሁ› ስላት ለዚያ ብላ ፈረመች! ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብላ ስትጠብቅ ኖራ፣ አዲሱን ፊልም ለሌላ ስሰጥባት ‹እናገራለሁ› አለችኝ። ማን ነው እሷን ዋና ሆና የሚያያት? ሁልጊዜ ጥግ ላይ የምትቆም ሴት!»

ወጣቱ ፖሊስ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከልጅቷ እጅ ፈታና ለዳይሬክተሩ አጠለቀለት። ሙሽሪት ብድግ ብላ እጇን ዘረጋች። «የኔ እህት፣ እኔ እኮ መጀመሪያውኑ…»

«እርስዎ ይቀመጡ» አለች መርማሪዋ። «ከሦስተኛው ቀረጻ በኋላ የሰሙትን ለምን አልተናገሩም?»

«ዝም በይ ብላኝ ነዋ!» ሙሽሪት አለቀሰች። «እሷው ናት ዝም በይ ያለችኝ!»

ልጅቷ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ምን ነበር ያለችው?»

መርማሪዋ ሳታሰማት የምታልፍበት መንገድ ካለ ፈለገች፤ አልነበረም። የድምፅ ባለሙያውን በዓይኗ ጠቀሰችው። ከማጫወቻው የሟች ድምፅ ወጣ፣ ሹክሹክታ ነው፤

«ሻዩ እንደ ሬት መረረኝ።»

«ታዲያ አይናገሩም?»

«ተይ ዝም በይ። የእህቴ ልጅ ናት ያፈላችው። ገና አዲስ ናት፤ ይቆጧታል፣ ከሥራም ያስወጧታል። እንደምንም እጠጣዋለሁ።»

ከዚያ የዳይሬክተሩ ድምፅ «እንድገመው» አለ።

መርማሪዋ የልጅቷን ትከሻ ያዘች። «አልጠረጠረችሽም። ጠዋት የጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። አንድም ደቂቃ አልጠረጠረችሽም።»

ልጅቷ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላለች።

«ምናለ ብትቆጣኝ!» አለች። «‹ይሄ ምን ዓይነት ሻይ ነው› ብላ በሰው ፊት ብትደፋብኝ ምናለ! ያባርሩኝ ነበር፣ አብረን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር እኮ!»