ኮርኒሱ ላይ ያልደረሰው ግድግዳ

ሚያዝያ 1967 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉለሌ ውስጥ በአከራዩ በዓምሃ አስከሬን ዙሪያ የቆሙት መርማሪው ሃምሳ አለቃ ዋቅቶላ፣ የሟቹ ወንድም አጥናፉ፣ ተከራዮቹ ባለሱቁ ሬድዋንና እትዬ አበራሽ ነበሩ።

ዓምሃ ቤቱን ከገዛ ዓመት አልሞላውም። ኪራዩ እንዲበረክትለት እያንዳንዱን ክፍል በኮምፔርሳቶ ለሁለት ከፈለ፤ አንድ አምፖል ለሁለቱም ወገን እንዲያበራ ግድግዳውን ከላይ ክፍት ተወው። ራሱ በአንዱ ክፍል ግማሽ ያድር ነበር፤ የዚያኑ ክፍል ሌላ ግማሽ ለሬድዋን አከራየው። ማጥፊያው በዓምሃ በኩል ነው። አሁን ዓምሃ አልጋው ላይ ደርቋል፤ ከአልጋው አጠገብ አመድ የሞላው የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል።

«የከሰል ጭስ ነው የገደለው» አለ አጥናፉ። «ያስገባበትም ይሄ ሬድዋን ነው! ኪራይ ጨመረብኝ ብሎ ሲዝትበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«አዎ፣ ዝቻለሁ» አለ ሬድዋን። «በመብራት እንኳ ይቀጣኝ ነበር። ትናንት ማታ ስገባ ጨለማ ነው፤ ሊያናድደኝ አጠፋው ብዬ ተኛሁ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ምን ይጠብቃሉ? ይሰሩት እንጂ!» አለ አጥናፉ።

ዋቅቶላ ካቴናውን እንደያዘ ወደ አልጋው ተጠጋ። አንዴ ከታሰረ የሬድዋን አንገት ገመድ ላይ እንደሆነ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ የሟቹን ከንፈር ገለጠ፤ ከውስጥ በልዟል። ጥርሱ መሃል የጋቢ ክር ተሰክቷል። ቀና ብሎ የግድግዳውን ጫፍ ተመለከተ።

«አጥናፉ፣ ጭሱ በዚህ በላይ አልፎ ሬድዋንን እንዴት አልነካውም?»

«ተኛሁ ያለው ውሸቱን ነው፤ እሱ ሱቁ ነዋ የሚያድረው!»

«ምላስህ ይቆረጥ!» አሉ እትዬ አበራሽ። «የሱቁ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ በየማታው እዚህ ነው። በር የምከፍትለት እኔ ነኝ። በወር አንዴ ብቅ የምትል፣ አንተ ምን ታውቃለህ? ትናንት አመሻሽ ላይ ስትወጣ እንኳ ሰላም አላልከኝም።»

ዋቅቶላ ሦስቱንም ፊቱ አቆማቸው።

«ሬድዋን እዚሁ አድሮ ራሱን እንኳ አላመመውም። እንግዲያው ከሰሉ እዚህ አልነደደም፤ ጠፍቶ ነው የገባው። ዓምሃ የሞተው በጋቢ ታፍኖ ነው። ማንደጃውን ያስቀመጠው ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ሰው የለም ብሎ ያመነ ነው። ሬድዋን የት እንደሚያድር ራሱ ያውቃል፤ እትዬ አበራሽም ያውቃሉ። የቀረኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ብሆን ከሰሉን አልለኩሰውም ነበር?»

«ኮምፔርሳቶው እሳት ቢይዝስ? የምትወርሰው ቤት አመድ ይሆንብሃላ!»

የአጥናፉ ፊት ተለዋወጠ። «አብረን ነው የገዛነው!» ብሎ ጮኸ። «ካርታው ላይ ግን የራሱን ስም ብቻ አጻፈ!»

ዋቅቶላ ካቴናውን አጠለቀለት።

ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ግቢው የመንግሥት ሆነ። ሬድዋን እዚያው ክፍል ቀረ፤ ኪራዩን ለቀበሌ ይከፍል ጀመር።